ለጥዶቹ ካብ እናዋጣ

የሰፈራችን ልጆች፣ በያላችሁበት ሰላማችሁ ይብዛ። ዘንድሮ የምንለምናችሁ ለድንጋይ ነው። ችግኙስ አለ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያሉት የሐበሻ ጥዶች እያረጁ ነው። ከሥራቸው ተተኪ አይታይም። ከብቱም ፍየሉም እንደልቡ ይገባል፤ ብቅ ያለውን ይረግጣል፣ ይቀነጥባል። ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ባጠኑበት ጊዜም የታየው ይኸው ነው፤ ከብት በሚገባበት ደን ቡቃያ አይበረክትም። እዚያ ካብ ተክቦላቸው የተጠበቁ ደኖች አሉ። ድንጋዩ ከየማሳው ተለቅሞ ነው የመጣው፤ ገበሬውም እርሻው ጸዳለት።

እኛም ያሰብነው እንዲሁ ነው። ለቀማውን በደቦ እንወጣዋለን። ያቃተን ለማጓጓዣ፣ ካብ ለሚያውቁት ባለሙያዎች የቀን ክፍያ፣ ለበሩና ለጥበቃው ደሞዝ የሚሆነው ነው።

ጥድ ደገኛ ዛፍ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ከፍታ ይመቸዋል፤ ውኃ የሚተኛበት መሬት ግን አይስማማውም። ስለዚህ ረግረጉን ትተን ተዳፋቱን መርጠናል። ፍሬ የሚለቀመው ከሴቴዋ ብቻ ነው፤ ወንዴው አይዝም። የበሰለው ፍሬ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ላዩ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ታሽቶ፣ ታጥቦ ዘሩ ሲወጣ እጅ ላይ ሙጫው ይቀራል፤ ሽታው ደስ ይላል። ከዚያ በኋላ ትዕግሥት ነው። ባሕር ዛፍ በጥቂት ወራት ለተከላ ሲደርስ፣ ጥድ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ብቻ ከዓመት በላይ ይቆያል።

«ታዲያ ባሕር ዛፍ አይሻልም? ቶሎ ይሸጣል» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፣ ይሸጣል። ምስጥ የማይደፍረው ምሰሶ ሲፈለግ ግን ሁሉም ጥድ ነው የሚጠይቀው።

ደግሞ እንነጋገር ከተባለ፣ በየክረምቱ ይተከላል፣ ፎቶ ይነሣል፤ ጥር ላይ ሄዶ ችግኙን የሚያይ ስንት ነው? ስለዚህ ከምታዋጡት ላይ የመጀመሪያው ለካቡ፣ ቀጥሎ በበጋ ውኃ ለሚያጠጣው ሰው ይውላል። ለተከላ ቀን ድግስና ለቲሸርት አንድም ብር አይወጣም።

የባንክ ሒሳቡን ቁጥር ከእድሩ ጸሐፊ ጠይቁ። ደረሰኝ ይሰጣችኋል፤ የወጪው ዝርዝርም በእድሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል። ገንዘብ ያልተመቸው አህያ ወይም ጋሪ ቢያውስ፣ ቅዳሜ ለለቀማ ቢመጣ ይበቃል። ካቡ ከሰኔ በፊት መቋጨት አለበት፤ ችግኙ ሐምሌ ላይ ይወርዳል።