የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ፦ የ«ኬን» ዘመዶች ፍለጋ

ክበቡ ዘንድሮ አንድ ብርቅዬ ግስ ይዞ ነው የዋለው፤ «ኬን» ይባላል፤ ትርጉሙም ማወቅ ነው። በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ ዛሬም ይነገራል። «አላውቅም» የሚል ስኮትላንዳዊ «አይ ዲና ኬን» ይላል፤ ያለፈ ጊዜው «ኬንት» ነው። ሌላው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግሱን ትቶ ስሙን ብቻ አስቀርቷል፤ «ቢዮንድ ማይ ኬን» ሲል ከዕውቀቴ በላይ ነው ማለቱ ነው። መርከበኞችም በዚሁ ቃል ባሕር ላይ ዓይን የሚደርስበትን ርቀት፣ 20 ማይል ገደማ፣ ይለኩበት ነበር።

በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ኬናን» ማለት ማሳወቅ እንጂ ማወቅ አልነበረም፤ ማወቅ ማለት ለነበረው ለ«ኩናን» አስደራጊው ነው። ዐወቀ፣ አሳወቀ ለሚል አማርኛ ተናጋሪ ይህ አይከብደውም። ልዩነቱ አማርኛ «አስ»ን ከፊት ሲያስቀድም ጥንታዊው የጀርማናውያን ቋንቋ «ያን»ን ከኋላ መጨመሩ ነው። የኋላው «ይ» ድምፅ የፊቱን አናባቢ ወደ ራሱ ስለሚስብ «ካን» የነበረው «ኬን» ሆነ። ከጊዜ በኋላ «ማሳወቅ» ደብዝዞ «ማወቅ» ቀረ፤ የጀርመንኛው «ኬነን»ም በዚሁ መንገድ ሄዷል።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የካርድ ሥራ ተጀመረ። ሩብ ገጽ ወረቀት በአራት ዓምድ ይከፈላል፦ የዛሬው ቃል፣ የታወቀው ጥንታዊ ቅርጹ፣ የእህት ቋንቋዎች ቃል፣ የትርጉም ለውጡ። ሦስተኛው ዓምድ ነው ጣጣው። መዝገበ ቃላት «አወዳድር» ብሎ በምህጻር የሚጠቁመውን ብዙዎች «ከዚህ ተወሰደ» ብለው ይገለብጡታል፤ በዚህ ዓይነት እንግሊዝኛው የጀርመንኛው ልጅ ሆኖ ቁጭ ይላል፤ በእውነቱ ግን እህትማማቾች ናቸው። ከቃሉ ፊት የምትቀመጠዋ ኮከብ ደግሞ የግርጌ ማስታወሻ ምልክት አይደለችም። ቅርጹ ተጽፎ አልተገኘም፣ በንጽጽር የተገመተ ነው ማለቷ ነው።

ከሁሉ ያከራከረው «ቅኔ» ነው። ከ«ኬን» ዘር «ኬኒንግ» የሚባል የግጥም ስልት ወጥቷል፤ ባሕርን «የዓሣ ነባሪ መንገድ» እንደማለት ነው። ድምፁም ቀረብ ይላል፣ ጉዳዩም ግጥም ነው፤ «ቅኔ ወንድሙ ነው» ማለት እንዴት አያጓጓ! ግን አይሆንም። ዝምድና የሚለካው በአንድ ጥንድ ቃል ሳይሆን በሚደጋገም የድምፅ ሕግ ነው። በላቲን «ግ» ባለበት እንግሊዝኛ «ክ» አለው፦ «ጌኑ» እና «ኒ» (ጉልበት)፣ «ጌኑስ» እና «ኪን» (ዘር)፣ «ግራኑም» እና «ኮርን» (እህል)። ከ«ኒ» እና ከ«ኖው» (ማወቅ) ፊት የሚጻፈው፣ ዛሬ የማይነበበው የ«ክ» ፊደል ጥንት ይነበብ ነበር። «ኖው» ታዲያ በላቲኑ «ኮግኖስኮ» ውስጥ ካለው «ግኖ» እና ሐኪም ቤት ከምንሰማው የግሪክ «ዲያግኖሲስ» ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው፤ «ኬን»ም የዚያው ቤት ነው። «ቅኔ» ግን ከግእዝ «ቀነየ» የመጣ ነው፤ «ቀ» በእንግሊዝኛ «ክ» የሚሆንበት ሁለተኛና ሦስተኛ ጥንድ አምጡ ቢባል አይገኝም። ስለዚህ ክበቡ ደንብ አወጣ፤ ሌሎች ሦስት ጥንዶች ያልደገፉት ዝምድና ካርድ ላይ አይሰፍርም። በእኔ አስተያየት የዓመቱ ትልቁ ፍሬ ይህ ደንብ ነው።

ለፈተና የሚረዳ ነገርም አልጠፋም። ተማሪዎች ሲጽፉ የሚዘሉት የ«ኩድ» (ቻለ) «ል» ፊደል ከመጀመሪያው አልነበረም፤ ጥንታዊው ቅርጽ «ኩዘ» ነው፣ ዘው በጥርስና በምላስ መካከል የሚወጣው ድምፅ። ጸሐፊዎች «ዉድ» እና «ሹድ» ውስጥ ያለውን «ል» አይተው ለ«ኩድ»ም ጨመሩለት። በ«ዉድ» እና «ሹድ» ግን «ል» የዘር ፊደል ናት፤ ከ«ዊል» እና ከ«ሻል» ወርሰዋታል። ፊደሏ ትጻፋለች፣ አትነበብም፤ ስትዘለል ደግሞ ነጥብ ታስቀንሳለች።