«ሆርሞን ካንሰር ያመጣል» ብሎ ማለፍ አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ማረጥ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደስ ብሎኝ ነበር ማንበብ የጀመርኩት። «አረጠች» የሚለው ቃል እንደ ስድብ በሚወረወርበት፣ ጉዳዩ በግልጽ መጻፉ ትልቅ ነገር ነው። መጨረሻው ላይ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ክው አደረገኝ፦ «የሆርሞን ሕክምና ካንሰር ስለሚያመጣ አይመከርም።» በቃ፣ ይኸው ነው። ለማን? ምን ያህል? የትኛው መድኃኒት? ምንም የለም።

እኔ በዚህ አባባል የተነሳ አራት ዓመት ተሰቃይቻለሁ። ሌሊት በላብ ተጠምቄ እነቃለሁ። ቀን ሥራ ላይ ቁጭ ብዬ ድንገት ከደረቴ እንደ እሳት ተነስቶ ፊቴን ያቃጥለኛል። ሐኪም ጋ ሄጄ ስናገር «ዕድሜ ነው፤ ይቻሉት» ተባልኩ። ሆርሞንስ ብዬ ስጠይቅ «ካንሰር ይፈልጋሉ?» አለኝ። ዝም ብዬ ወጣሁ።

ፍርሃቱ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ 16,608 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ጊዜው ሳይደርስ ተቋረጠ። ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን (የፕሮጄስትሮን ሰው ሠራሽ ዓይነት) የተባሉትን የሴት ሆርሞኖች አብረው በወሰዱት ላይ የጡት ካንሰር፣ ስትሮክና የደም መርጋት በዝቶ ስለታየ ነው። ወሬው ዓለምን አዳረሰ፤ ብዙ ሴቶችም መድኃኒታቸውን ተዉ። ቁጥሩን የነገራቸው ግን ጥቂት ነው። የጡት ካንሰሩ ጭማሪ በዓመት ከ10,000 ሴቶች 8 ነበር። ስምንት ሴት ቀላል ናት አልልም። ግን ይህን ቁጥር ሰምቶ መወሰንና «ካንሰር ያመጣል» ተብሎ መባረር በጣም ይለያያል። ደግሞ የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር። ሙቀቱና ላቡ አላስቀምጥ ብሏት እርዳታ የምትፈልገው ሴት ብዙውን ጊዜ 50 ገደማ ናት። ማሕፀናቸው ወጥቶ ኤስትሮጅን ብቻ በወሰዱት ላይ ደግሞ፣ ከዚያው ጎን ለጎን በተካሄደ ጥናት፣ የጡት ካንሰር አልጨመረም።

ዛሬ ባለሙያዎች የሚሉት ሌላ ነው። ከ60 ዓመት በታች ለሆነች ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት፣ ሌላ ችግር ለሌለባትና ምልክቱ ለበረታባት ሴት፣ ጥቅሙ አብዛኛውን ጊዜ ከጉዳቱ ይበልጣል። ማሕፀን ያላት ሴት ፕሮጄስትሮን አብራ መውሰድ አለባት፤ ኤስትሮጅን ብቻውን የማሕፀንን ግድግዳ አወፍሮ ለካንሰር ያጋልጣል። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ወይም የሚቀባው፣ በደም መርጋት በኩል ከሚዋጠው ይሻላል። የጡት ካንሰር የያዛት፣ ደሟ ረግቶ የሚያውቅ፣ ስትሮክ ያገኛት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት ሴት ግን ሌላ መንገድ ከሐኪሟ ጋር ብትፈልግ ነው የሚበጃት።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገችኝ ታናሽ እህቴ ናት። የወር አበባዋ በ36 ዓመቷ ቆመ። ከ40 በፊት ለሚደርስባት ሴት ሕክምናው እንደ ምቾት አይታይም። ሰውነቷ ያጣው ሆርሞን ካልተተካ አጥንቷ ቶሎ ይሳሳል፤ ልቧም ለጉዳት ይጋለጣል። ስለዚህ ማረጥ በተለምዶ እስከሚመጣበት ዕድሜ፣ 50 ገደማ ድረስ እንድትወስድ ይመከራል። እሷም ስትወስድ ቆይታለች። ጽሑፋችሁን ባነበበች ማታ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ ልተወው እንዴ?» አለችኝ። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሐሙስ ሐኪሟ ጋ ቀጠሮ አላት። እባካችሁ፣ እርማቱን ያ ዓረፍተ ነገር በወጣበት ገጽ ላይ አውጡት። እኔም ቆርጬ እወስድላታለሁ።

አንዲት አንባቢያችሁ