ለእሹሩሩ ዩኒቨርሲቲ አይበዛበትም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በቅርቡ አንድ አንባቢ በዚሁ ገጽ ላይ፣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች የልጆች ግጥምና ሥዕላዊ ልቦለድ (በተከታታይ ሥዕሎች የሚተረክ ታሪክ) ማጥናታቸው ጊዜ ማባከን ነው ብለው ጽፈዋል። እኔ ከእነዚያ ተማሪዎች አንዷ ነኝ። ደምበጫ አማርኛ አስተምራለሁ። ክረምት ክረምት ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ።

የኮርሱ የመጀመሪያ የቤት ሥራ ከእናቶቻችን አንድ እሹሩሩ ሰምተን መጻፍ ነበር። እናቴ ቡና እየቆላች አዜመችልኝ። ጻፍኩት፣ የስንኙን ቀለም፣ ማለትም የድምፅ ቁራጮቹን፣ ቆጠርኩ። ከዚያ ልሞክር ብዬ «መጣች» የሚለውን ቃል «ተመለሰች» አደረግኩና አነበብኩላት። «አይ፣ ይኼማ ልጁን ይቀሰቅሰዋል» አለችኝ። ልክ ነበረች። ስንኙ የተለካው ልጅ ያዘለ ጀርባ በሚወዛወዝበት ልክ ነው። ሁለት ቀለም ስጨምርበት ውዝዋዜው ተሰበረ። እናቴ ስለ ግጥም ምጣኔ ትምህርት ቤት ገብታ አልተማረችም፤ ጆሮዋ ግን ያውቀዋል። እኔ ያንን በቃላት ለማስረዳት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ደግሞስ ጎጃም ውስጥ ግጥም በቁመቱ የተናቀው መቼ ነው? የዋሸራ ቅኔ ቤት ተማሪ ቅኔ መቁጠር የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው። ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ብቻ ነው። ለሁለቱ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ያድርበታል፣ «ጨዋታ ነው» የሚለው ግን የለም። ሐዲስ ዓለማየሁም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ከማሳተማቸው በፊት የተረት መጽሐፍ ጽፈዋል።

ሥዕሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አንባቢው የበረቱት በእሱ ላይ ነውና።

ልጅ ሳለሁ አያቴ ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይዛኝ ሄዳ ነበር። ፊደል አልቆጠረችም። የመቅደሱን ግድግዳ ግን በጣቷ እየተከተለች ታነበው ነበር። 78 ነፍስ የበላውን የበላዔ ሰብን ታሪክ የሰማሁት እዚያ ነው። ለተጠማው ለምጻም ጥርኝ ውሃ ሲሰጥ ታሳየኛለች። ቀጥላ ነፍሱ ሚዛን ላይ ስትቀመጥ ታሳየኛለች። በሁለቱ መካከል ያለውን የምትሞላው እሷ ናት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ሥዕላዊ ልቦለድ የሚነበበው እንደዚህ ነው። ሥዕሎቹ በየሣጥኑ ተከፍለው ይሣላሉ፤ ከአንዱ ሣጥን ወደሚቀጥለው ስንሻገር መሃል ያለውን የምንፈጥረው እኛ ነን።

ሌላም ነገር አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ ነው፤ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉው በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። ፍርዱ ከቃል በፊት መስመሩ ላይ አለ። ይህን ይዤ ነው የአሜሪካዊውን ሠዓሊ የአርት ስፒገልማንን ሥዕላዊ መጽሐፍ «ማውስ»ን ያገኘሁት። የስፒገልማን አባት ከአውሽዊትዝ፣ ከናዚዎች የሞት ካምፕ፣ የተረፉ ናቸው። የእሳቸውን ታሪክ ሲሥል አይሁዶቹን አይጥ፣ ናዚዎቹን ድመት አደረጋቸው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካውን የፑሊትዘር ልዩ ሽልማት አግኝቷል። ሳነበው አያቴ አጠገቤ ብትኖር ብዬ አለቀስኩ። ገጹን ያለ ማንም እገዛ ትከተለው ነበር።

አምና የተማርኩትን ክፍሌ ውስጥ ሞክሬዋለሁ። ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ወረቀት ስምንት ቦታ አጥፌ ሰጠኋቸውና «አያታችሁ የነገሯችሁን አንድ ተረት ሥሉ፣ ከሥር አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ» አልኳቸው። ዓመቱን ሙሉ ድርሰት ስሰጥ ሦስት መስመር አልፎ የማያውቅ ልጅ አለኝ። ስምንቱንም ሞላ። ጅቡ አህያዋን ሊበላ የሚደርስበትን ሣጥን ባዶ ተወው፤ ጥቁር አድርጎ ቀባው ብቻ። «ለምን?» ስለው «መሽቷላ፣ ቲቸር» አለኝ። ይህ ልጅ ደራሲ የሚያስበውን አስቧል። እኔ ኮርሱን ባልወስድ ኖሮ ያንን ጥቁር ሣጥን «ያልተሠራ» ብዬ ነጥብ እቀንስበት ነበር። ይህ ሐሳብ እስካሁን ያስጨንቀኛል። ከዚያ በፊት ስንቱን ቀንሼበት ይሆን?

በማስተምርበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለዚህ ልጅ የምሰጠው አንድ የአማርኛ ሥዕላዊ ልቦለድ የለም። ፈልጌ አጣሁ።

ስለዚህ እናንተን አንድ ነገር ልለምን። በሳምንት ሩብ ገጽ ለልጆች ግጥምና ለተከታታይ የሥዕል ታሪክ ስጡ። ልጁንና ቤተሰቡን አስፈቅጄ ስምንቱን ሣጥኖች ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። ካተማችኋቸው፣ አደራ፣ ጥቁሩን ሣጥን እንዳትተዉት።

የአማርኛ መምህርት
ደምበጫ፣ ምዕራብ ጎጃም