ለእድራችን አባላት በሙሉ

የተከበራችሁ አባላት፣ እንደምን ከርማችኋል። ሰሞኑን ለቅሶ ቤት አንዲት ሸክላ ሠሪ እናታችን እንደማንኛችንም እንጀራ ይዘው መጡ። የእሳቸውን መሶብ ግን የነካ ሰው አልነበረም፤ ከጀርባቸውም «ቡዳ ናት» ሲባል ተሰምቷል። በጣም ያሳዝናል። ቡና የምናፈላበት ጀበና፣ እንጀራ የምንጋግርበት ምጣድ የማን እጅ ሥራ ነው? ባለእጅን መስደብ እኮ በአጤ ምኒልክ አዋጅ የተከለከለው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25ም ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል።

ከእንግዲህ በድንኳናችን አባልን በሙያው ወይም በዘሩ የሚያንቋሽሽ ሰው በጉባኤ ፊት ይጠየቃል። ልጆቻችሁንም ምከሩ፤ ስድቡን የሚሰሙት ከእኛው አፍ ነው። በጉዳዩ የምንነጋገረው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለሆነ ማንም እንዳይቀር።

የእድሩ ዳኛ፣ ደብረ ማርቆስ