ለውሻና ለድመት መክሰስ የሚሰጠው የታሪፍ ቁጥር በጽሑፍና አስቀድሞ ይታወቅ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ከጅቡቲ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ለሚደርስ የገቢ ዕቃ ዲክላራሲዮን፣ ማለትም ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ፣ ማዘጋጀት መተዳደሪያዬ ነው። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ለውሻና ለድመት የሚመጣ መክሰስ የታሪፍ አመዳደብ፣ ማለትም የሚከፈልበትን ቀረጥ የሚወስነው ቁጥር አሰጣጥ ነው። ዕቃው በመጠኑ ትንሽ ነው፤ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ላይ የሚሸጡት ሱቆች ጥቂት ናቸው። ሆኖም በአንድ የጉምሩክ ጣቢያ የአንድ አምራች አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ወቅት በአንድ ቁጥር፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ በሌላ ቁጥር ሲስተናገድ አይቻለሁ፤ ለልዩነቱም በጽሑፍ የተሰጠ ምክንያት አልነበረም። ይህ ለመንግሥት ገቢም ለነጋዴውም የማይበጅ አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ።

ብዙ ጊዜ የሚሰማው ክርክር «ለውሻ መክሰስ ማስመጣት ቅንጦት ስለሆነ ከፍ ያለ ቀረጥ ያለው ቁጥር ይፈለግለት» የሚል ነው። የታሪፍ ምደባ ግን በዚህ መንገድ አይከናወንም። ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ላይ የሚሠራበት፣ የአገራችንም የታሪፍ መጽሐፍ የተመሠረተበት ሐርመናይዝድ ሲስተም የተባለው ዕቃዎችን በቁጥር የሚመድብ ሥርዓት በመጀመሪያው የአተረጓጎም ደንቡ የሚያዘው፣ ዕቃ የሚመደበው በቁጥሮቹ ዝርዝር አገላለጽና በክፍልና በምዕራፍ ማስታወሻዎች መሠረት መሆኑን ነው። ቀረጡ አንሷል የሚባል ከሆነ ትክክለኛው መንገድ የታሪፉን ልክ በሕግ ማሻሻል ነው እንጂ ዕቃውን ያለ ስሙ መጥራት አይደለም።

ማስታወሻዎቹን ከፍቶ ላነበበ ሰው አብዛኛው ጥያቄ መልስ አለው። በዱቄት ተጋግሮ የአጥንት ቅርጽ የተሰጠው ብስኩት፣ መልኩ የሰው ብስኩት ስለሚመስል ብቻ የዳቦና የብስኩት ቁጥር ወደሆነው 19.05 ሊገፋ አይገባም፤ ለእንስሳት መኖ ተብሎ የተዘጋጀ ብስኩት ከምዕራፍ 19 ውጭ ሆኖ የተዘጋጀ የእንስሳት መኖ ወደሚመደብበት 23.09 እንደሚሄድ የምዕራፉ የመጀመሪያ ማስታወሻ በግልጽ ይናገራል። በ23.09 ውስጥም 2309.10 የሚይዘው ለችርቻሮ ሽያጭ የታሸገ የውሻና የድመት ምግብን ብቻ ነው። ስለዚህ ያው ብስኩት እዚህ ደርሶ በትንንሽ ከረጢት እንዲታሸግ በጅምላ ሲመጣ፣ ወይም ለጥንቸልና ለወፍ የተዘጋጀ ሲሆን፣ መታየት ያለበት ሌላውን የተዘጋጀ መኖ በሚይዘው በ2309.90 ሥር ነው። የሚያኝኩት የጎማ ወይም የፕላስቲክ መጫወቻ አብሮ በአንድ ካርቶን ቢመጣ እንኳ ምግብ አይደለም፤ የልጆች መጫወቻም አይደለም። ለእንስሳት ብቻ የተሠራ መጫወቻ በመጫወቻዎች ቁጥር በ95.03 እንደማይመደብ የምዕራፍ 95 ማስታወሻ ስለሚደነግግ፣ በተሠራበት ነገር ዓይነት ተገቢው ቁጥር ይፈለግለታል።

እውነተኛው ችግር ያለው ብዙም ሳይለወጥ በሚመጣው የእንስሳት ተዋጽኦ ላይ ነው። የምዕራፍ 23 ማስታወሻ በ23.09 የሚገባው ጥሬ ዕቃው የመነሻ መሠረታዊ ባሕርይውን እስኪያጣ ድረስ የተሠራ ምርት መሆኑን ይገልጻል። እንግዲህ ታጥቦ የደረቀ የበሬ ጆሮ አሁንም ጆሮ ነው፤ ለሰው ምግብነት የማይውል ከሆነ በመጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ሌላ ቦታ ያልተጠቀሱ የእንስሳት ተዋጽኦዎችን የሚይዘው ምዕራፍ 5 ነው። አጥንትም እንዲሁ ነው፤ 05.06 ስቡ የወጣለትን ወይም በቀላሉ የተዘጋጀውን አጥንት ሲቀበል፣ ተቆርጦ ቅርጽ የተሰጠውን አይቀበልም። ከሁሉ የሚያከራክረው ተጠምዝዞና ተቋጥሮ የሚመጣው ያልለፋ ቆዳ ነው፤ ምዕራፍ 5 ቆዳን በማስታወሻው ስለሚያስወጣው የጥሬና የለፋ ቆዳ ምዕራፍ የሆነው ምዕራፍ 41 ይታሰባል፣ ነገር ግን ያን ያህል የተሠራበት ቆዳ አሁንም ጥሬ ቆዳ ይባላል ወይ የሚለው ጥያቄ ይከተላል። የቆዳ ፋብሪካ ባለባት ኮምቦልቻ በጥሬና በለፋ ቆዳ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቅ ባለሙያ አይታጣም፤ ፈታሹ ግን ብዙውን ጊዜ የሚቀርብለት በኢንቮይስ ላይ «የውሻ መክሰስ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ አስመጪዎችም እኛ አስተላላፊዎችም ድርሻ አለን። ዕቃው ከምን ተሠራ፣ እንዴት ደረቀ ወይም ተጋገረ፣ በምን መጠን ታሸገ የሚለውን የአምራች መግለጫ ሳናያይዝ ትክክለኛ ምደባ መጠበቅ አይገባንም። «የመገጣጠሚያ ሕመም ያድናል» ተብሎ የተጻፈበት ማሸጊያ ይዞ መምጣትም ዕቃውን የመድኃኒት ጥያቄ ውስጥ ይከተዋል።

የቁጥር ስሕተት በቀረጡ ብቻ አያበቃም። ተጨማሪ እሴት ታክስ ቀረጥ በተጨመረበት ዋጋ ላይ ስለሚሰላ ስሕተቱ እየተደራረበ ይሄዳል። ዕቃው ተሸጦ ካለቀ በኋላ በድኅረ ዕቃ አወጣጥ ኦዲት፣ ማለትም ዕቃው ከጉምሩክ ከወጣ በኋላ በሚደረግ ምርመራ፣ ልዩነት ክፈል ሲባል ደግሞ አነስተኛ ነጋዴ ከደንበኛው ሊያስመልስ አይችልም። አቤቱታ የማቅረብ መብት በሕግ መኖሩ መልካም ነው፤ ምክንያቱ ባልተጻፈ ውሳኔ ላይ አቤቱታ ማዘጋጀት ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ስለዚህ የጉምሩክ ኮሚሽን አከራካሪ በሆኑ ዕቃዎች ላይ የሚሰጣቸውን የምደባ ውሳኔዎች፣ የአስመጪውን ስም ሳይጠቅስ፣ የዕቃውን መግለጫና የተመረኮዘበትን ማስታወሻ አስፍሮ ለሁሉም ጣቢያዎችና ለሕዝብ እንዲያሳትም እጠይቃለሁ። አስመጪውም ዕቃው ከመጫኑ በፊት ናሙና አቅርቦ ሁሉም ጣቢያ የሚያከብረው የጽሑፍ መልስ የሚያገኝበት ሥርዓት በቅርንጫፍ ደረጃ በተግባር ይዘርጋ። የእንስሳት ተዋጽኦ ናሙና ምን ያህል እንደተለወጠ ለማየት የባለሙያ ዓይን ካስፈለገም፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል ያለው እዚሁ ደሴ ስለሆነ ትብብሩን መጠየቅ ይቻላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የጉምሩክ አስተላላፊ፣ ከኮምቦልቻ