በአዘዞ ሼድ ለሚሠራው የፍጥነት መኪና የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለጎንደር ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ በጋራዥ፣ በብየዳና በቶርኖ ሥራ ለተሰማራችሁ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ለምትኖሩ የጎንደር ልጆች በሙሉ፤

እኛ በአዘዞ መንገድ ዳር በሚገኝ አንድ የቆርቆሮ ሼድ ውስጥ የተሰባሰብን መካኒኮች፣ በያጆች፣ የቶርኖ ሠራተኞችና የቴክኒክ ተማሪዎች ነን። ከሥራ ሰዓት ውጭና እሑድ ከሰዓት በኋላ እየተገናኘን፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝና በቀጥታ መስመር ላይ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር እንድትሮጥ የታሰበች መኪና በእጃችን እየሠራን እንገኛለን። ሞተሯ ከአንድ አሮጌ ዲኤክስ ኮሮላ የወጣ ባለ 1290 ሲሲ ሞተር ሲሆን፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉም ከዚያው መኪና የተገኙ ናቸው። እስካሁን የሠራነውን ሁሉ ከወዳደቀ ብረትና ከራሳችን ኪስ ሸፍነናል። ይህን ጥሪ የምናቀርበው አሁን የደረስንበት ደረጃ በሼድ ውስጥ ሊሠሩ የማይችሉ፣ ከሹፌሯ ሕይወት ጋር በቀጥታ የተያያዙ ዕቃዎችን የሚጠይቅ ስለሆነ ነው።

ሁልጊዜ ቀድሞ የሚቀርብልን ጥያቄ የታወቀ ነው፤ 200 ኪሎ ሜትርማ ዘመናዊ መኪና ሁሉ ይሄደዋል ይሉናል። እውነት ነው፤ ልዩነቱ የሚሄደው በስንት ጉልበት ነው የሚለው ላይ ነው። የእኛ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ከ60 እስከ 70 የፈረስ ጉልበት ያህል የነበረው ሲሆን፣ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ጠለል ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ሞተሩም በሚስበው አየር ልክ ጉልበት ስለሚያጣ በእጃችን የሚቀረው ከ50 ፈረስ ብዙም አይዘልም። በሌላ በኩል አየርን ሰንጥቆ ለማለፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ፍጥነቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ስምንት እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ በ50 ፈረስ 200 ለመድረስ የሚያዋጣው መንገድ ሞተሩን ማጎልበት ሳይሆን መኪናዋን ለአየር ማሳነስ ነው። ቁመቷ ከአንድ ሜትር በታች ነው፤ የአካሏም ስፋት ከሹፌሯ ትከሻ እምብዛም አይበልጥም፤ ከአካሏ ወጣ ብለው የሚታዩት ጎማዎቿ ብቻ ናቸው። ሞተሩን የጎዳው የሳሳ አየር መኪናዋን የሚገፋበትም አቅም ያነሰ በመሆኑ፣ ከፍታችን የወሰደብንን በከፊል ይክሰናል።

ሞተሩ ከፊት፣ ሹፌሯ ከኋላ እንድትቀመጥ ያደረግነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ጦር ቀጥ ብሎ የሚሄደው ክብደቱ ጫፉ ላይ ስለሆነ ነው፤ መኪናም በከፍተኛ ፍጥነት አቅጣጫዋን ሳትስት የምትጓዘው የክብደቷ ማዕከል ነፋሱ ከሚገፋበት ማዕከል ቀድሞ ሲገኝ ነው። ከጅራቷ ላይ የቆመው የላሜራ ክንፍም ለጌጥ ሳይሆን ነፋሱ የሚገፋበትን ቦታ ወደ ኋላ ለመሳብ የተሠራ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ሥራ ታሪክ የተጀመረው ከእኛ ግብ በእጅጉ ባነሰ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ፈረንሳይ ውስጥ የተመዘገበው የመጀመሪያው የመሬት ላይ ፍጥነት ክብረ ወሰን በሰዓት 63.15 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ዛሬ ጭነት የያዘ አይሱዙ እንኳ ከዚህ በላይ ይሄዳል። በቀጣዩ ዓመት ቤልጂየማዊው ካሚል ዠናትዚ በኤሌክትሪክ መኪና 105.88 ኪሎ ሜትር ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ እንግሊዛዊው አንዲ ግሪን ሁለት የጄት ሞተር በተገጠመላት መኪና በኔቫዳ በረሃ 1,227.985 ኪሎ ሜትር በሰዓት በመጓዝ ከድምፅ ፍጥነት አለፈ። ለእኛ የሚቀርበን ግን የኒውዚላንዱ በርት ሞንሮ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1920 የተሠራችን አንዲት ሞተር ሳይክል በሼዱ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሻሽላት ኖሮ፣ ፒስተኖቿን ሳይቀር በእጁ አቅልጦ እያወጣ፣ በ1967 በ68 ዓመቱ በአሜሪካ የቦንቪል ጨው ሜዳ ላይ በሰዓት ከ295 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቷታል። አንዳንድ ወዳጆቻችን ደግሞ ከባሕር ማዶ ምሳሌ መጥቀስ ምን አስፈለገ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ሴባስቶፖልን አሠርተው የለም ወይ እያሉ ያበረታቱናል። ምስጋናችን የላቀ ነው፤ ሆኖም ያን መድፍ ያቀለጡት መድፍ የመሥራት ልምድ ያልነበራቸው የአውሮፓ ሚስዮናውያን ሲሆኑ የሠሩትም ተገድደው ነው፤ እኛ ማንንም ማስገደድ ስለማንችል በልመና ጀምረናል።

ገንዘብ ከምንጠይቅባቸው ነገሮች ቀዳሚው የሹፌሯን መቀመጫ ከቦ የሚይዘው የብረት ማቀፊያ ነው። መኪናዋ ብትገለበጥ ሹፌሯን የሚያተርፋት እርሱ ብቻ ነው። ለበርና ለመስኮት የምንጠቀምበት ቱቦላሬ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ቱቦላሬ ላሜራ ተጠቅልሎ በቁመቱ ተበይዶ የሚሠራ በመሆኑ ከባድ ምት ሲያርፍበት በስፌቱ በኩል ሊከፈት ይችላል። የሚያስፈልገን ስፌት የሌለው ክብ ቱቦ ሲሆን፣ ውጫዊ ስፋቱ 41 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ወስነናል። ብየዳውን በተመለከተ፣ እያንዳንዱ በያጅ ዋናውን ሥራ ከመንካቱ በፊት ሁለት ቁራጭ ቱቦዎችን ይበይዳል፤ ቁራጩ በሞርሳ ተይዞ እስኪታጠፍ ድረስ በመዶሻ ይመታል፤ ቱቦው ታጥፎ ብየዳው ካልተሰነጠቀ ብቻ በያጁ ወደ ማቀፊያው ይሻገራል። ዕድሜያቸውን በብየዳ ያሳለፉት የሼዳችን አባት ሳይቀሩ ይህን ፈተና ወስደዋል። ቅር ብሏቸው ነበር፤ ግን አለፉ።

ሹፌሯ የቶርኖ ባለሙያ የሆነች አባላችን ናት። የተመረጠችው ከሁላችንም ቀጭንና ቀላል በመሆኗ ነው፤ ከመካከላችን ብዙዎቹ በዚህ መመዘኛ ከመቀመጫው በር ሳያልፉ ቀርተዋል። ወላጅ እናቷ ሼዱን ጎብኝተው ፈቃዳቸውን የሰጡን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ማቀፊያው ተሠርቶ ሲያልቅ የመኪናዋን ክብደት የሚያህል አሸዋ ተጭኖበት፣ ከከፍታ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ እንዲጣልና እርሳቸውም ቆመው እንዲያዩ ነው። ነገሩን ስንመረምረው እኛ ካሰብነው ማናቸውም ፍተሻ የተሻለ ሆኖ አገኘነው። የተጣለ ማቀፊያ ግን ዳግመኛ ሰው ሊቀመጥበት አይገባም፤ ስለዚህ አንዱን ለመጣል፣ ሌላውን ለመንዳት ሁለት ማቀፊያ እንሠራለን። የቱቦው ወጪ ከፍ ያለውም በዚህ ምክንያት እንደሆነ እንድታውቁልን እንወዳለን።

ሁለተኛው ጉዳይ ጎማ ነው፤ ሰዎች በቀላሉ የሚያልፉትም ይህንኑ ነው። ከአናቱ እስከ ታችኛው ጫፉ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 30 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል፤ በዚያ ጊዜ በጎማው ገጽ ላይ ያለ እያንዳንዱ ግራም ላስቲክ ከ1 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ያህል ወደ ውጭ ይጎተታል። በጎማ ጎን ላይ ከሚጻፉት ምልክቶች የመጨረሻው ፊደል ጎማው የተፈቀደለትን ፍጥነት ያመለክታል፤ «ቲ» 190፣ «ኤች» 210፣ «ቪ» ደግሞ 240 ኪሎ ሜትር ነው። የእኛ ግብ 200 በመሆኑ «ኤች» ይበቃል የሚሉ አባላት አሉ፤ አብዛኞቻችን ግን በ10 ኪሎ ሜትር ልዩነት ላይ የሰው ሕይወት አናስቀምጥም ብለን «ቪ» እንዲሆን ወስነናል። ጎማው አዲስ መሆን አለበት፤ ያገለገለ ጎማ ለታክሲ ሊሆን ይችል ይሆናል፣ ለዚህ ግን በነጻ ቢሰጠንም አንቀበልም።

ሦስተኛው የደህንነት ዕቃ ሲሆን፣ ይህም ባለ ስድስት ማሰሪያ ቀበቶ፣ እሳት የሚቋቋም ልብስ ከነጓንቱና ከነጫማው፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የማቆሚያ ፓራሹት እና ለመኪና ውድድር የተሠራ ሄልሜት ነው። የሞተር ሳይክል ሄልሜት በብዛት ይገኛል፤ ነገር ግን እሳትን ይቋቋም እንደሆነ ስላልተፈተሸ ለእኛ አይሆንም። እነዚህ ዕቃዎች ከውጭ አገር የሚመጡ ስለሆኑ፣ በውጭ የምትኖሩ ወገኖች ከገንዘብ ይልቅ ዕቃውን ራሱን ገዝታችሁ ብትልኩልን እንመርጣለን።

የሚያስፈልገን ጠቅላላ ወጪ 620,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 290,000 ብር ለደህንነት ዕቃ፣ 150,000 ብር ለጎማና ለቸርኬ፣ 130,000 ብር ለሁለቱ ማቀፊያዎች ቱቦ፣ የቀረው 50,000 ብር ደግሞ ለኤሌክትሮድና በሼዳችን ለማይሠራ የቶርኖ ሥራ ይውላል። አባላት ከየደመወዛችን አዋጥተን 185,000 ብር ስላሰባሰብን የጎደለን 435,000 ብር ነው። ገንዘቡ በቂ ባይሆን በመጀመሪያ ቱቦው፣ ቀጥሎ የደህንነት ዕቃው፣ በመጨረሻም ጎማው ይገዛል፤ የደህንነት ዕቃው ሳይሟላ መኪናዋ ከሼዱ በራሷ ሞተር አትወጣም።

ስለ መሮጫው ቦታ ብዙ ጊዜ እንጠየቃለን። የአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ከሼዳችን ቅርብ ቢሆንም ለአውሮፕላን እንጂ ለእኛ አልተሠራም። መኪናዋ ፍጥነት ለመያዝ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ተለክቶላት ለመሮጥና ለመቆም ቢያንስ 5 ኪሎ ሜትር ቀጥ ያለ ሜዳ ትፈልጋለች። ያሰብነው በአፋር ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኘውን የአሳሌ የጨው ሜዳ ነው፤ አሞሌ እየሆነ ወደ ደጋው ገበያ ይወጣ የነበረው ጨው ምንጩ ያው ነው። ቦታው ባለቤት አለው፤ የአፋር ክልል መስተዳድርና የአካባቢው ሽማግሌዎች ሳይፈቅዱ አንሄድም፤ መንገዱም ሰላም ካልሆነ አንነሣም። ስለዚህ በዚህ ጥሪ ለጉዞ አንድም ብር አንጠይቅም። ፍጥነቱን የሚለካውን የብርሃን መሣሪያ ተማሪዎቻችን ራሳቸው ሠርተውታል፤ በዓለም አቀፉ ደንብ እንደሚደረገው መኪናዋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ሮጣ አማካዩ ይወሰዳል፣ ነፋስ ከኋላ ገፍቷት እንዳይሆን።

ኑሮ በከበደበት በዚህ ጊዜ ለሩጫ መኪና ገንዘብ መጠየቅ ተገቢ ነው ወይ ለምትሉን፣ ጥያቄያችሁን እናከብራለን። የታመመ ዘመድ ወይም ያልተከፈለ የትምህርት ቤት ክፍያ ያለበት ሰው ለእኛ እንዲሰጥ አንፈልግም፤ ዕድሩም ይቅደም። ከዚያ የተረፈው ያለው ሰው ግን ገንዘቡ ወጣቶች ብየዳና ቶርኖ በሚማሩበት ሼድ ላይ እንደሚውል ይወቅልን፤ በኤሌክትሮድ ብየዳ የቱቦ መገጣጠሚያ ዙሪያውን ሳያቋርጥ መበየድ የቻለ ልጅ ነገ የውኃ መስመርም ሆነ የወፍጮ ቤት ሥራ አይከብደውም።

ገንዘብ ለሌላችሁም ሥራ አለን። የተሰበረ ዲኤክስ ያለው ሰው ቴስታታውን ወይም ካርቡራተሩን ቢሰጠን፣ የቶርኖ ባለቤት ለአንድ ቀን ማሽኑን ቢያውሰን፣ የባትላሜራ ባለሙያ አፍንጫዋን በመቀጥቀጥ ቢያግዘን ከብር እኩል እንቆጥረዋለን። በተለይ አፍንጫዋ አስቸግሮናል፤ ላሜራን ወደ ሁለት አቅጣጫ ማጎበጥ ጥበቡን የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል።

ገንዘቡ የሚሰበሰበው በማኅበራችን ስም በተከፈተና የሦስት ሰዎች ፊርማ ካልተሟላ በማይንቀሳቀስ የባንክ ሂሳብ ነው። የሂሳብ ቁጥሩ፣ የተሰበሰበው ገንዘብና የተገዛው ዕቃ ደረሰኝ በሼዱ በር ላይ ይለጠፋል። ሩቅ ያላችሁ በምታውቁት አባላችን በኩል ቁጥሩን ጠይቁ፤ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ለማይሰጣችሁ ሰው ግን የእኛን ስም ቢጠራም እንዳትከፍሉ። ጥሪው እስከ ጥምቀት ይቆያል። በጥምቀት ሰሞን ሼዱ ለጎብኚዎች ሙሉ ቀን ክፍት ሲሆን፣ የመጣል ፍተሻውም ቱቦው በጊዜ ከደረሰልን የሹፌሯ እናት በተገኙበት በዚያው ሳምንት ይካሄዳል። ስትመጡ ብየዳ እየተካሄደ ከሆነ ብልጭታውን በባዶ ዓይናችሁ አትመልከቱ፤ ለእንግዶች የሚሆን የብየዳ ጥቁር መነጽር በበሩ በስተቀኝ ተሰቅሏል።