ወፍራም ድምፅ ሁሉ ጥሩ ድምፅ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን ስለ አማተር ሬዲዮ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንዲት አረፍተ ነገር ግን ነካ አደረገችኝ። በድምፅ ጥራት የምንጨነቀውን ሰዎች «ዜና አንባቢ መሆን ያማራቸው» ትላለች። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ቆይቶ ግን ዝም ማለት አቃተኝ፤ ምክንያቱም አንዱ እኔ ነኝ። ደግሞ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው፣ እሱ ነው የባሰ ያናደደኝ።

ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በአጭር ሞገድ የምናወራ አማተሮች፣ ማለትም ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅሩ ስንል በሬዲዮ የምንገናኝ ሰዎች፣ አብዛኞቻችን የምንጠቀመው ሲንግል ሳይድባንድ የሚባለውን ዘዴ ነው። ተራው ኤኤም ያንኑ አንድ ድምፅ ከተሸካሚው ሞገድ በላይና በታች ሁለት ጊዜ ይልከዋል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ጆን ካርሰን እ.ኤ.አ. በ1915 ለፈጠራ መብት ያመለከተበት ሐሳብ፣ አንዱን ጎን ቆርጦ ተሸካሚውንም አፍኖ ጉልበቱን በሙሉ በቀረው ጎን ላይ ማዋል ነው። ብልህ ነገር ነው። በአየር ላይ የሚይዘው ቦታ ከ2.4 እስከ 2.8 ኪሎኸርዝ ገደማ ብቻ ነው። ዕዳውን የሚከፍለው ድምፃችን ነው። ብዙውን ጊዜ ከ300 ኸርዝ በታች ያለው ወፍራሙና ከ2,700 ኸርዝ በላይ ያለው ቀጭኑ ድምፅ ተቆርጦ ይቀራል። የወንድ ድምፅ ግን መሠረቱ ከ100 ኸርዝ ብዙም አይርቅም፣ የ«ስ» ፉጨት ደግሞ በአብዛኛው ከ4,000 በላይ ነው ያለው። ስለዚህ ሰውየው «ሠራ» ይበል «ፈራ» ይበል ከወሬው አካሄድ ካልገመትክ በጆሮህ ብቻ አትለየውም።

እንግዲህ ይኼ ያልተዋጠላቸው ሰዎች አሉ። የሚያልፈውን ድምፅ ስፋት የሚወስነውን የሬዲዮአቸውን ማስተላለፊያ ፊልተር ወደ 4 ኪሎኸርዝ ከፍ ያደርጋሉ፣ አንዳንዱ ከዚያም ያልፋል፣ ጥሩ ማይክና ኢኳላይዘር (የድምፁን ወፍራሙንና ቀጭኑን ክፍል ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ) ይገዛሉ፣ ሲያወሩም አጠገብህ ቁጭ ያሉ ይመስልሃል። አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም። እኔም ሰምቼ አብጄ ነበር። የስቱዲዮ ማይክ ገዛሁ፣ ቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ፣ እስከ ጥግ ከፍ አደረግኩት፣ በጆሮ ማዳመጫ ራሴን ስሰማው ደረቴ ነፋ አለ።

አንድ ማታ ሩቅ ካለ ሰው ጋር እያወራሁ «ጎርናና ነህ፣ የምትለው ግን አይገባኝም» አለኝ። እንዲህ በግልጽ የሚነግርህ ሰው አይገኝም እኮ። በነጋታው ኔዘርላንድስ ያለው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ያደረገውን መቀበያ ከፍቼ የራሴን ድምፅ ቀዳሁት። ወይ ጉድ! ከኋላዬ ፍሪጁ ያጉረመርማል፣ የፓወር ሰፕላዩ ፋን ያፏጫል፣ ክፍሉ ያስተጋባል፣ በዚያ ሁሉ መሃል በርሜል ውስጥ የገባ ሰው ያወራል። በርሜል ውስጥ ያለው እኔ ነኝ።

ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። በሲንግል ሳይድባንድ ጉልበቱ የሚሄደው ድምፁን ተከትሎ ነው። ሬዲዮዬ 100 ዋት ነው። የንግግር ጉልበት አብዛኛው ያለው ታች ነው፤ ቃሉን ከቃል የሚለየው ግን በአብዛኛው ከ1,000 እስከ 3,000 ኸርዝ መሃል ያለው ነው። ቤዙን ስጨምር 100 ዋቴን ቤዙ ይበላዋል። ያኛው ሰው ደግሞ መቀበያውን 2.4 ኪሎኸርዝ ላይ አጥብቦታል፣ ስለዚህ ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ እሱ ጋ አይደርስም። ለእኔ ብሎ መቀበያውን በእጥፍ ቢያሰፋው እንኳ አብሮ የሚገባው ጫጫታ እጥፍ ይሆናል፣ 3 ዴሲቤል መሆኑ ነው።

ምን አደረግኩ? ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ፓወር ሰፕላዩን ከጠረጴዛው በታች አወረድኩት። ፊት ለፊቴ ያለው ባዶ ግድግዳ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀልኩ፤ ማስተጋባቱ በዚያው ቀን ቀነሰ። ማይኩን ከአፌ አራት ጣት ያህል አድርጌ ትንሽ ወደ ጎን አዞርኩት፣ አለዚያ «ጳውሎስ» ባልኩ ቁጥር ነፋስ ይመታዋል። በጣም ከተጠጉት ይኼ ዓይነቱ ማይክ ቤዝ ከራሱ ይጨምራል፣ ያ ነበር ከመጀመሪያውም ያታለለኝ። ኢኳላይዘሩ ላይ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቆረጥኩ፣ 300 እና 400 አካባቢ ትንሽ ቀነስኩ፣ ከ2,000 እስከ 3,000 ያለውን ትንሽ ከፍ አደረግኩ። ደካማውን ድምፅ ከጠንካራው ጋር የሚያቀራርበውን ኮምፕረሰር ለስላሳ አደረግኩት። የማይክ ኬብሉን በፈራይት ቀለበት ጠቀለልኩት፤ የራሴ ማሠራጫ ሞገድ በኬብሉ ተመልሶ እየገባ ድምፄን ሲያንቀጠቅጠው ነበርና።

አሁን ወደ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ልምጣ፤ እንደ ዜና አንባቢ ያማረ ድምፅ የሌላውን ሰው ቦታ ይበላል። ለአማተሮች ከተመደቡት የሞገድ ክልሎች አንዱ የሆነው የ20 ሜትር ባንድ ከ14.000 እስከ 14.350 ሜጋኸርዝ ነው፣ ማለትም ጠቅላላው 350 ኪሎኸርዝ ነው፤ ከዚያም ላይ ሞርስና ዲጂታል ድርሻቸውን ይወስዳሉ። የዓለም አቀፉ አማተር ሬዲዮ ኅብረት አፍሪካ ባለችበት በሪጅን 1 የባንድ ዕቅዱ ለአጭር ሞገድ ንግግር ያስቀመጠው ስፋት 2,700 ኸርዝ ነው። የአማተሮች ውድድር ባለበት ቅዳሜና እሁድ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ሳለ 5 ኪሎኸርዝ ዘርግቶ መቀመጥ ነውር ነው፣ ድምፁ የፈለገውን ያህል ቢያምርም። ባንዱ ጭር ሲል ግን ሁለት ወዳጆች 4 ኪሎኸርዝ ቢይዙ ማንን ጎዱ? የሀገራቸው ሕግ እስከፈቀደ ድረስ ይያዙ። እኔም አደርገዋለሁ፣ ደስ ይላል።

ግን «ዋናው መሰማት ነው» የሚሉትም ወገኖች ቢሆኑ ንጹሕ አይደሉም። ኮምፕረሰሩን ጥግ አድርሰው፣ ማይክ ጌይኑን ከልክ በላይ ከፍተው፣ የኤኤልሲው (ማሠራጫው ከልኩ እንዳያልፍ የሚቆጣጠረው ክፍል) መርፌ ከምልክቱ አልፎ እየተወራጨ የሚጮኹትን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በዚያ ሁኔታ ማሠራጫው ይዛባል፣ መዛባቱም ወደ ጎረቤት ፍሪኩዌንሲ ይረጫል። ስለ ስፋት ሲከራከሩ 2.4 ነን ይላሉ፣ በተግባር ግን ከእኔ 4 የበለጠ ቦታ ያበላሻሉ። ግማሽ ሰዓት ከሰማኋቸው ራሴን ያመኛል።

ሁለታችንንም ከዚህ ጭቅጭቅ ሊያሳርፈን የሚችል ነገር እየመጣ ይመስለኛል። ፍሪዲቪ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ሬድ የተባለ አዲስ ዘዴ ይዟል፣ በማሽን ለርኒንግ የሚሠራ። 1.5 ኪሎኸርዝ ገደማ በሆነ ቦታ ከተለመደው ሲንግል ሳይድባንድ በጣም የሰፋ ድምፅ ያሳልፋል። ለጊዜው ግን አብዛኛው ሰው ያው በሲንግል ሳይድባንድ ነው የሚያወራው።

እስከዚያው አንባቢዎቻችሁ ከሆኑት አማተሮች አንድ ነገር ልለምን። «ድምፄ እንዴት ነው?» ሲባል «59» ብላችሁ አትለፉ። እሱ የሚነግረው ንግግሩ ምን ያህል እንደሚገባና ሞገዱ ምን ያህል እንደበረታ ብቻ ነው። ፍሪጁ ከተሰማችሁ ፍሪጁን ንገሩት። ያ «አይገባኝም» ያለኝ ሰውዬ በቅርቡ እንደገና አገኘኝ፤ «አሁን ገባኝ፣ ግን አንድ ነገር አሁንም እዝዝ ይላል» አለኝ። ሶኬቱን ነቀልኩትና ሌሊቱን ሙሉ ስናወራ አደርን። ጠዋት ፍሪጁ ሥር ውኃ ነበር።

አክባሪያችሁ፣
ከአንባቢዎቻችሁ አንዱ